ሃያ አምስት ቅጠል

ዘመሮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይረዲን ሽኩር፣ ማጀቴ

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዳገቱን ሳላርፍ እወጣለሁ፣ ገብሴን ራሴ አጭዳለሁ፣ በጎቼን ራሴ እሸልታለሁ። ባለቤቴ ጌታነሽ ካረፈች ወዲህ ሽሮዬን የምሠራው እኔው ነኝ፣ ቢያርም የምበላው እኔው ነኝ፣ የሚያማኝ ሰው የለም። ዐይኔ ሩቁን ያያል፣ ቅርቡ ነው እምቢ ያለኝ። ይኸን የምጽፍልህ ወረቀቱን እንደ ባለጋራ ከራሴ አርቄ ነው። ፊደሉ ቢጣመም ታገሠኝ፣ የተማርኩት ከዳዊት ላይ ነው፣ በዳዊት ላይ ደግሞ ቼክ የሚል ቃል የለም።

ይኸን ሁሉ የምነግርህ «በርትተዋል ወይ» ብለህ ስለጠየቅኸኝ ነው። ሰው የሰውን ብርታት የሚጠይቀው ሸክም ሊጭን ሲል ነው።

ከሰላምታው በታች፣ በቀጭን አጻጻፍ፣ ስለ ቼኳ ያነሳሃትን አየሁ። ባንክ ብወስዳት ቅር ይልዎታል ወይ ብለሃል። ቅር ይለኛል። ልጄ ምንይሉ ካንተ መደብር ሲሚንቶና ቆርቆሮ በዱቤ ሲወስድ እኔ ዋስ ሆኜ የሰጠሁህ መያዣ ናት። አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ብዬ፣ ቀኑን ጥር ሠላሳ ብዬ ጽፌባታለሁ። እስከ ጥር ሠላሳ ምንይሉ ይከፍልሃል፣ ወረቀቷን ትመልስልኛለህ፣ በዚሁ ያልቃል።

አባትህ ሽኩር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከአባቴ ሠላሳ በግ በዱቤ ነድቶ ሲወርድ ፈረሱን ለመያዣ ትቶ ወረደ። ሦስት ወር ከኛ በረት ቆመ። ግራጫ ነበር፣ ልብ የሚሰርቅ። እኔ ጎረምሳ ነኝ። አንድ ቀን ሰው አላየኝም ብዬ ኮርቻ ስጭንበት አባቴ ከኋላ መጥቶ ጀርባዬን በጅራፍ ገለጠው። «መያዣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ አይጋለብም» አለኝ። ጠባሳው እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያሳክከኛል። ቼኳም እንደዚያው ናት። ከሣጥንህ ትቁም።

ወረቀቴን ባንክ አያውቀውም ብለህ እንዳትሰጋ። በዘመሮ የቼክ ደብተር ያለው ሽማግሌ እኔ ብቻ ነኝ። መሐል ሜዳ ሲሰጡኝ እውነት መሆኑን ለማየት አምስት መቶ ብር ለራሴ ጽፌ መስኮቱ ላይ ሰጠኋቸው፣ ቆጥረው ከፈሉኝ።

ምንይሉ አዲስ አበባ ነው፣ ገንዘቡን ከገዙት ሰዎች እየሰበሰበ። እዚህ አገር ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም እንጂ ደህና ነው። ይኸን ደብዳቤ ገብረ አማኑኤል በርበሬ ሊጭን በበቅሎ ሲወርድ ያደርስልሃል። ከወረቀቱ የተረፈውን በቃል ነግሬዋለሁ።

ገሠሠ


ማጀቴ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገሠሠ

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው። እኔም ቤተሰቤም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ብርታትዎን መጠየቄ ቅር ካሰኘዎት ይቅር ይበሉኝ። እናታችን ጌታነሽ ለእኛ ለብቻው ያስቀመጠችው ድስት እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ እንዳለ ገብረ አማኑኤል ሲነግረኝ ዐይኔ ዕንባ ሞላ። እኔ ለእርስዎ ክፉ የማስብ ሰው አይደለሁም።

በቃል የላኩብኝን ጥያቄ ሰምቻለሁ፣ «ፈረሱን ጫንከው ወይ» ያሉትን። መልሱን ለሚቀጥለው ደብዳቤ ያቆዩልኝ።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ልበል። ባንክ ቀን አያይም፣ ጋሼ። ጥር ሠላሳ ብለው ቢጽፉም ቼክ በቀረበበት ቀን ይከፈላል ነው የሚሉት። ሒሳቡ ውስጥ ገንዘብ ካልተገኘ «በቂ ስንቅ የለውም» ብለው ማኅተም መትተው ይመልሱታል። ሰዉ ደረቅ ቼክ ይለዋል። ማኅተሙ ካረፈ በኋላ ደግሞ ነገሩ የሽማግሌ መሆኑ ይቀራል፣ የፖሊስ ይሆናል። ስለዚህ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ የቻሉትን ያህል ባንክ ያስገቡ። ግማሹንም ቢሆን።

ሌላም ልጠይቅዎ። ሲሚንቶው ዘመሮ ደርሶ ነበር ወይ? አንድ ኩንታል እንኳ በዐይንዎ አይተዋል? ምንይሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩትስ መቼ ነው?

ኸይረዲን


ዘመሮ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸይረዲን

እንዴት ሰነበትክ። ውርጩ ዘንድሮ ባቄላውን ጨረሰው፣ ገብሱ ግን ተርፏል። ስለ ሲሚንቶው ጠይቀኸኛል። ደህና ነው። ስለ ምንይሉም ጠይቀኸኛል። እሱም ደህና ነው።

እንዳልከው አደረግሁ። ሃያ በግና ሁለቱን በሬዎቼን ሸጥኩ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ብር ሆነ። በጆንያ አድርጌ፣ ከላዩ ገብስ ነስንሼበት፣ መሐል ሜዳ ወረድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ትሕትና ትባላለች፣ ስሟን እንደ መስቀል ደረቷ ላይ አንጠልጥላዋለች።

«ሲስተም የለም አባባ» አለችኝ።

«እኔ ሲስተም አልፈለግሁም፣ ገንዘብ ላስገባ ነው የመጣሁ።»

«ያለ ሲስተም ገንዘብ አይገባም።»

«በሩን ከከፈታችሁልኝ ይገባል፣ ይኸው ተሸክሜዋለሁ።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በማግሥቱ መጣሁ፣ ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን ለአፍታ መጣላት። ጆንያውን ተቀብላ መቁጠር ስትጀምር የሆነ ነገር አየችና እጇ ቆመ።

«አባባ፣ የጻፉት ቼክ ደብረ ብርሃን ቀርቦ ነበር። ኅዳር ሦስት ቀን። ተመልሷል።»

«ለምን ይመለሳል? ፊርማዬን አታውቁትም?»

«ፊርማው ትክክል ነው። ፊርማ ባይመሳሰል አንከፍልም፣ ቁጥሩና ፊደሉ ባይስማማ አንከፍልም፣ ስድስት ወር ቢያልፈው አንከፍልም። የእርስዎ ይኸን ሁሉ አልፏል። ሒሳብዎ ውስጥ ያለው ግን ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ብር ነው።»

ያመጣው ማነው አልኳት። ስም መናገር አይፈቀድልኝም አለች። እስቲ ለምንልኝ ስለው አብሮኝ የቆመው ሰውዬ ለመናት፣ ዝቅ ብላ «ሴት ናት» አለች። ይኸን ሁሉ ስንነጋገር ሲስተሙ መልሶ ሄደ። ጆንያዬን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አሁን ከአልጋዬ ሥር ነው።

አንተ ሴት አይደለህም፣ ኸይረዲን። አባትህ ያሳደገህ ወንድ አድርጎ ነበር። ደብረ ብርሃን ያለችው ሴት ማን ናት? ፈረሴን ማን ላይ አስቀመጥክብኝ?

በሚቀጥለው ደብዳቤ ብለህ ነበር። ይኸው ቀጠለ።

ገሠሠ


ማጀቴ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገሠሠ

ምን ብዬ ልጀምር። ሰላምታዬን በገብረ አማኑኤል አፍ ይቀበሉኝ፣ በብዕር ለመጻፍ አፈርኩ።

ሴትዮዋ ወይዘሮ ምሥራቅ ይባላሉ። ሲሚንቶ ለእኔ የሚያከፋፍሉት እርሳቸው ናቸው። ምንይሉ የወሰደው ዕቃ ሳይከፈል መስከረም ጠባ፣ መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ፣ እርሳቸው ደግሞ ያለ ቅድሚያ ክፍያ አንድ ኩንታል አልልክም አሉ። «እጅህ ላይ ምን አለ» አሉኝ። የእርስዎ ቼክ ነበረች። ጀርባዋ ላይ ፈርሜ ሰጠኋቸው። እስከ ጥር ሠላሳ ያቆዩልኛል ብዬ ነበር፣ አደራ ብያቸው ነበር። ወላሂ ብያለሁ፣ አደራ ብያቸዋለሁ። እርሳቸው ግን እርስዎን አያውቁም፣ አባቶቻችንን አያውቁም። ለእርሳቸው ወረቀት ነው። የተቸገሩ ዕለት ወሰዱት።

ባንኩ አልከፍልም ሲል ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዘው ጠበቃ ጋ ሄዱ፣ ጠበቃው ፖሊስ ጋ። ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መጻፍ ወንጀል ነው አሉኝ፣ እስር አለው። ግማሹን ልስጥዎት አልኳቸው፣ እርስዎ ጆንያ ውስጥ ያለውን አስቤ። «ግማሽ ቼክ አልተቀበልኩም» አሉኝ።

የባሰውን ደብቄ ላቆይ አልኩ፣ አልቻልኩም። ሾፌሮቹን ጠይቄያለሁ። ምንይሉ የጫነው ሲሚንቶ ዳገቱን አልወጣም። መኪናው ደብረ ሲና ላይ ነው የተራገፈው፣ በግማሽ ዋጋ፣ በአንድ ቀን። እርስዎ ደህና ነው ያሉኝን እያወቅሁ ነው ይኸን የምጽፍልዎ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እንደ ልጅዎ ይመልሱልኝ። የቼክ ደብተርዎ አሁን የት ነው? የፈረሙበት ሌላ ቅጠል አለ?

ኸይረዲን


ዘመሮ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኸይረዲን ሽኩር

ደብተሩ ሣጥን ውስጥ ነው። ሣጥኑ ተቆልፏል። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ስለሱ ከዚህ ሌላ አትጠይቀኝ።

አባቴ ቢኖር ኖሮ ያንተም ጀርባ ይገለጥ ነበር። አልሰድብህም፣ ድስቷን ከመደርደሪያው አላወረድኳትም። ግን ቸገረኝ ብትለኝ ከሰው እጅ ሳትጥለኝ በፊት በጎቼን እሸጥልህ ነበር። የኔ ነገር ሆኖ አልጠየቅኸኝም። የሚጠይቀኝ ሰው ጠፍቶ ነው ያረጀሁት።

ልጄን ሾፌር አይመስክርበት። ሾፌር ያየውን ሁሉ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ከቅጽሩ በር ቆመው «ገሠሠ የሚባለው ሽማግሌ የትኛው ነው» ብለው ጠይቀዋል። መሪጌታው «አልመጣም» አሏቸው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ነበር። አንድ ካህን እኔን ለማዳን ሲዋሽ ስሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም፣ ሌላ ሰው እንዳይዋሽልኝ።

ከእንግዲህ ለዕዳው የምሸጠው በሬ የለኝም እንጂ የጻፍከውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

ገሠሠ


ማጀቴ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ገሠሠ

ቶሎ ያንብቡት። ገብረ አማኑኤልን ሌላ ነገር ሳይጭን ነው ያስወጣሁት፣ የበርበሬውን ዋጋ ከፍየዋለሁ።

ሌሎች ሁለት ቼኮች ወጥተዋል። አንዱ ደብረ ብርሃን ከአንድ ጎማ ነጋዴ እጅ ነው፣ ዘጠኝ መቶ ሺህ ብር ይላል። ሌላው ሞላሌ ከአንድ የከብት ነጋዴ እጅ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ። ሁለቱም ተመልሰዋል፣ ሁለቱም ላይ ስንቅ የለም የሚል ማኅተም አለ። በሁለቱም ላይ ያለው ፊርማ የእርስዎ ነው ብሏል ባንኩ። ጽሕፈቱ ግን የእርስዎ አይደለም፣ የማን እንደሆነ እኔም እርስዎም እናውቃለን።

ጠበቃ አማክሬአለሁ። መንገድ አለ። ፖሊስ ጋ ቀርበው «ደብተሬ ተሰርቋል፣ ፈርሜ ለማንም አልሰጠሁም፣ የወሰደው ልጄ ነው» ብለው ቃልዎን ይስጡ። በአንድ ቃል ነው የሚድኑት። እርስዎ ይወጣሉ፣ ፖሊስ የሚፈልገው እሱን ይሆናል። እሱ ወጣት ነው፣ እስር ቤት ገብቶ ይወጣል። እርስዎ ከገቡ ግን ሰባ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው ጋሼ፣ ብርዱንም ሲሚንቶ ወለሉንም አስቤዋለሁ።

እኔን እንዳያስቡ። ነግሬዎት አላውቅም፣ ቼኳ ጀርባ ላይ ስለፈረምኩ እኔም አብሬ ተከስሻለሁ። ሱቄ ከታሸገ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ልጄ ሲሀም በር ላይ ቁጭ ብላ ሳሙናና ክብሪት ትሸጣለች። ይኸን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ሰምተው ደበቀኝ እንዳይሉ ነው።

ተሰርቋል ይበሉ። ልለምንዎት፣ በአባቶቻችን ወዳጅነት።

ኸይረዲን


ዘመሮ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኸይረዲን

ደብዳቤህ የደረሰኝ ለልደት ዋዜማ ነው። መልሱን የቆየሁት ምንይሉ በዚያው ቀን ስለመጣ ነው።

በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው ገባ። ከስቷል። ጫማው አዲስ ነው። ገብስ ቆሎ አቀረብኩለት፣ ሽሮ ሠራሁለት፣ አጎንብሶ በላ። ስለ ሲሚንቶው አልጠየቅሁትም። ስላንተም አልጠየቅሁትም። «ስንት ቀረ» ብቻ አልኩት።

«አልቋል አባዬ» አለኝ።

ብሩን መሰለኝ። ቅጠሉን ነው ያለኝ።

«ለማን ለማን ሰጠህ?»

«ለብዙ ሰው ነው። ሁሉንም አላስታውስም።»

«ስንት ስንት ብለህ ጻፍክ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ።»

አልመታሁትም። እጄ ተነሥታ ነበር፣ ሳየው የእናቱን ግንባር ነው የያዘ፣ መልሳ ወረደች። በማግሥቱ ቅዳሴ ሲገባ ወጥቶ ሄደ። የት እንደሄደ አላውቅም፣ ባውቅም ለማንም አልጽፈውም።

አሁን የካድኩህን ልንገርህ። ሣጥኑ ተቆልፏል ብዬህ ነበር። እውነት ነው፣ ባዶ ሣጥን ነው የቆለፍኩት። ደብተሩ የመጣ ሰሞን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊርማዬ አንድ ቀን ተራራ ይመስላል፣ አንድ ቀን ገደል። ካልተመሳሰለ አይከፈልም ብለውኝ ደግሞ ነበር፣ ያችን የአምስት መቶ ብሯን ስፈርም እንኳ ሦስት ጊዜ ነው ትንፋሼን የዋጥኩ። አንድ ጠዋት ፀሐይ ወጣችና እጄ ጸናልኝ። ተጠብቆ የከረመው ጓሳ ለአጨዳ የተከፈተ ዕለት ሰዉ የዓመቱን የቤት ክዳን ሣር በአንድ ቀን አጭዶ እንደሚገባው ነው፣ ነገ ይዘጋል፣ ሌላ ጊዜ እጄ አይታዘዘኝም አልኩ። ደብተሩ ሃያ አምስት ቅጠል ነበረው። አንዱን ለራሴ ቆርጫለሁ፣ አንዱ ያንተ ነው። ሃያ ሦስቱን በዚያ ጠዋት ባዶውን ፈረምኩት። ምንይሉ ወረቀቱን እየያዘልኝ «ጎበዝ አባዬ፣ ይኸንንም፣ ይኸንንም» ይለኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ከእናቱ ቀብር ወዲህ አጠገቤ ያን ያህል ተቀምጦ አያውቅም።

ስለዚህ ተሰረቀ ብዬ አልምልም። ማንም አልሰረቀኝም፣ ደብተሩን ይዞ ሲወጣም አይቼዋለሁ። ወረቀቱን የያዘልኝን ዐይን ዐይኑን እያየሁ ነው የፈረምኩት። ባንክ እንኳ ከሩቅ አይቶ ፊርማው የሱ ነው ካለ እኔ አይደለም ልበል? ልጄን አሳልፌ ብሰጥ ቤቴ እገባለሁ፣ ገብቼ ግን ከማን ጋር ነው የምቀመጠው? የአባቱ ስም የማያልቅ ጎተራ ነው ብሎ እንዲያስብ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ያንን ዕዳ እሱ አልተበደረውም።

ሰኞ ጠዋት መሐል ሜዳ ፖሊስ ጣቢያ ራሴ እሄዳለሁ። በእግሬ ነው የምሄደው፣ ማንም ሳይጎትተኝ። ጀርባው ላይ መፈረምህን እኔ እንዳስገደድኩህ እናገራለሁ፣ አንተ ዝም በል። ቢጠይቁህ ሽማግሌው እልኸኛ ነው በላቸው፣ እሱስ ውሸት አይደለም።

ከመሄዴ በፊት ራሴ የምከፍለውን ዕዳ ጽፌ ልተውልህ፣ አንዱን ኮፒ አንተ ያዝ። ሰው አይርዳኝ፣ መዋጮም እንዳይወጣ፣ በቤተ ክርስቲያን ስሜ እንዳይጠራ።

ለወይዘሮ ምሥራቅ፣ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሺሁ በጆንያው አለ፣ ለፖሊሱ ቆጥሬ በደረሰኝ አስረክባለሁ። ለቀረው የቀሩት በጎችና ቤቱ ከነቆርቆሮው።

ለአንተ፣ ሱቅህ የታሸገበትን ቀን ሁሉ። ስንት ቀን እንደሆነና በቀን ስንት ትሸጥ እንደነበር ጽፈህ ላክልኝ። አትቀንስ።

ለሲሀም፣ በር ላይ ለተቀመጠችበት። ዋጋውን እኔ አላውቅም፣ እሷ ትናገር።

ለገብረ አማኑኤል፣ ስድስት ጊዜ ለተመላለሰበት ሁለት ቁና ገብስ። ከጓዳ አለ፣ ዛሬውኑ ይውሰድ።

ለመሪጌታው፣ ስለኔ ለዋሹባት አንዲት ቃል፣ የንስሐቸውን ጾም እኔ እጾማለሁ። እስር ቤት መጾም አይከብድም ይላሉ።

ለጌታነሽ፣ የሰባት ዓመት ተዝካሯ ለፊታችን ሰኔ ነበር። አልደርስም። ለካህናቱ ነጭ ሙክት በስሟ አስሬላታለሁ፣ እሱ ከበጎቹ ጋር አይቆጠርም።

ለደብረ ብርሃኑ ጎማ ነጋዴ፣ ዘጠኝ መቶ ሺህ። መሬቴ መሸጥ የማይቻል ስለሆነ ምርቱን፣ በየዓመቱ፣ እስኪያልቅ።

ለሞላሌው ከብት ነጋዴ፣ ሁለት መቶ ስድሳ ሺህ። ከሱ ቀጥሎ፣ እንደዚያው።

ከዚህ በታች ሃያ አንድ ሰዎች አሉ። ስማቸውን አላውቅም፣ ስንት እንደተጻፈላቸውም አላውቅም፣ ቼኬን ኪሳቸው ይዘው ዛሬ በየትኛው ከተማ እንዳሉም አላውቅም። እንዳልረሳቸው ግን ቦታቸውን በተራ ትቼላቸዋለሁ። የመጣው ሁሉ ስሙን ይሙላ፣ ሁሉንም ራሴ እከፍላለሁ።

አንደኛ፣ ለ . . . . . . . . . . . .

ሁለተኛ፣ ለ . . . . . . . . . . . .

ሦስተኛ፣ ለ . . . . . . . . . . . .